ያቆምኩት ነፋስ

እናቴ የጓደኛዬን ፎቶ ሳሎናችን ግድግዳ ላይ የሰቀለችው እኔ ሥራ በዋልኩበት ቀን ነው። ስመለስ ከቴሌቪዥኑ ከፍ ብሎ፣ ከእመቤታችን ሥዕል በስተቀኝ ተሰቅሎ አገኘሁት። ጓደኛዬ ነጭ ሄልሜት አድርጋ፣ ብርቱካናማ ሰደርያ ለብሳ፣ አንገቷን ቀና አድርጋ ትስቃለች። ከኋላዋ የነፋስ ተርባይን ቆሟል፤ በጣም ከመርዘሙ የተነሳ ክንፎቹ ፎቶው ውስጥ አልገቡም። የእኔ የምርቃት ፎቶ መኝታ ቤት ቁም ሣጥኑ ላይ ነበር፣ የእናቴን የደም ግፊት መድኃኒት ተደግፎ።

«ይኼን ማን ሰጠሽ?» አልኳት።

«ለምኜያት ነው ያመጣችልኝ። ምነው? ጓደኛሽ አይደለች?»

ጓደኛዬማ ናት። ችግሩም እሱ ነበር። ሆዴ ውስጥ የተነሳውን ነገር በሌላ ስም ልጠራው አልፈልግም። ቀናሁ። እንደ ጣውንት ቀናሁ። እራት ስንበላ ጀርባዬን ለግድግዳው ሰጥቼ ተቀመጥኩ፤ እናቴ ለምን ቦታ እንደቀየርኩ አልጠየቀችኝም።

ዩኒቨርሲቲ ኤሌክትሪካል ስንማር ክፍላችን ውስጥ በጣት የምንቆጠር ሴቶች ነበርን። እኔና እሷ በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ወንበር ተጋራንና እስክንመረቅ አልተላቀቅንም። እሷ የቦሌ መድኃኔዓለም ልጅ ናት፤ አባቷ በመንግሥት ሥራ ከፍ ያለ ቦታ የደረሱ ሰው፣ ቤታቸው ዘበኛ ያለው፣ ቁርሳቸው ማርማላታ ያለው። እኔ ዛሬ ለሚ ኩራ ከሚባለው፣ ያኔ ግን ከተሜው «ገበሬዎቹ ጋ» ይለው ከነበረው ሰፈር ነኝ። ጤፍ እንዘራበት የነበረው መሬት ላይ ኮንዶሚኒየም ተደርድሮበታል፤ እኔና እናቴም ከነዚያ ሕንፃዎች በአንዱ ሦስተኛ ፎቅ ላይ እንኖር ነበር። እናቴ በረንዳ ላይ ቆማ አውድማችን የቱ ጋ እንደነበር በጣቷ ታሳየኝ ነበር፤ አንድ ቀን የውኃ ታንከሩ ጋ ይሆናል፣ ሌላ ቀን ደግሞ ጎማ ቤቱ ጋ። አባቴ ይህን ሁሉ ሳያይ ነው የሞተው።

በውጤት እበልጣት ነበር። ብዙ አይደለም፣ ግን እበልጣት ነበር። ይህን ሳልናገር ማለፍ ዛሬም ያንቀኛል።

ከዚያ ያ የግንባታ ዘመን መጣ። ቦሌ በየወሩ አዲስ መስታወት ለበሰች፣ ከሃያ ሁለት እስከ መገናኛ ሰው ሲሚንቶ እየተነፈሰ ይሄድ ጀመር፤ አገሩም ከውኃ ብቻ ሳይሆን ከነፋስም መብራት ሊያመነጭ ተነሳ። ከከተማው በስተምሥራቅ፣ ስምጥ ሸለቆው አፋፍ ላይ የነፋስ ጣቢያ ተተከለ። ከአዲሶቹ መሐንዲሶች የተመረጡ ቻይና ሄደው ሊሠለጥኑ ሆነና ሁለታችንም ተወዳደርን። ጠያቂዎቹ «ከፍታ ትፈሪያለሽ?» አሉኝ። እውነቱን «ትንሽ» ብዬ መለስኩ። እሷ «በፍጹም» አለች። በኋላ እንደነገረችኝ፣ የመጀመሪያውን ተርባይን ስትወጣ መሰላሉ መሃል ላይ ቆማ ንፍጧ እስኪወርድ አልቅሳለች። ግን ወጣች። እኔ እውነቴን ይዤ ከተማ ቀረሁ፤ የኃይል መቆጣጠሪያ ክፍል ተመደብኩ።

ክፍሉ መስኮት የለውም። ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ስክሪን ነው፤ የአገሩ ግድቦች፣ መስመሮችና ከተሞች በቀይና በአረንጓዴ ተሥለውበታል። ሥራዬን ለሰው ለማስረዳት ብዙ ጊዜ ሞክሬአለሁ። መብራት እንደ ጤፍ ጎተራ አይገባም፤ በተመረተበት ቅጽበት መበላት አለበት። ሲያንስ ይጠፋል፣ ሲተርፍ ደግሞ ማሽኖቹንም መስመሮቹንም ያውካል። ስለዚህ አንድ ሰው ሁልጊዜ ተቀምጦ ሚዛኑን መጠበቅ አለበት፤ አገሩ ሲፈልግ «ጨምሩ»፣ ሲጠግብ «ቀንሱ» እያለ። በየፈረቃው በዚያ ቦታ ከምንቀያየረው አንዷ እኔ ነበርኩ። ትእዛዙ በስልክ ነው፣ ስልኩም ይቀዳል። እኔ እናገራለሁ፣ ጣቢያው ያልኩትን ቃል በቃል ይደግምልኛል፣ «ልክ ነው» እላለሁ፣ ሰዓቱን በየበኩላችን እንጽፋለን። ደንቡ አጭር ነው፤ ጣቢያ መጀመሪያ ይፈጽማል፣ ጥያቄ ካለው በኋላ ይጠይቃል።

ይህ ሁሉ ተነግሮ ተነግሮ እናቴ ጋ ሲደርስ የሚቀረው «ስልክ ታነሳለች» የሚለው ብቻ ነበር። ዕድር ላይ ሴቶቹ «ልጅሽ ምን ትሠራለች?» ሲሏት «መብራት መሥሪያ ቤት፣ ስልክ ላይ ናት» ትላለች። አምስት ዓመት ሙሉ ሒሳብ ሳመነዥክ ኖሬ! «እማዬ፣ እኔ እኮ ኢንጂነር ነኝ» እላታለሁ።

«አውቃለሁ፣ ኢንተላ ኮ» ትለኛለች፤ ልታባብለኝ ስትፈልግ «ልጄ» የምትለኝ በኦሮምኛ ነው። «ስልክ ማንሳትስ ምን ነውር አለው? የተማረ ሰው ነው የሚያነሳው።»

የሰፈሩ ሰው ደግሞ ከእናቴም የባሰ ነበር። የሰፈራችን ትራንስፎርመር ለሃምሳ አባወራ ታስቦ ሦስት መቶ የተጫነበት ስለሆነ፣ በዓል በመጣ ቁጥር ድም ብሎ ይጠፋል። ያኔ የኛ በር ይንኳኳል። «ምነው አጠፋሽብን?» ይሉኛል፣ ግማሹ በቀልድ፣ ግማሹ ከልቡ። እኔ ሻማ ይዤ በር ላይ ቆሜ፣ አገሩ ላይ መብራት ተርፎ ጣቢያ እያስቀነስን እንደምንውል፣ ችግሩ የኛ ሰፈር ትራንስፎርመር ብቻ እንደሆነ አስረዳለሁ። «ተርፎ!» ብለው ይስቁብኛል። እናቴም አብራ ትስቅና «ጓደኛዋ ብትሆን ታበራልን ነበር» ትላለች። ቀልዷን ነው። እኔ ግን ሻማውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ መኝታ ቤት እገባ ነበር።

ጓደኛዬ በየሁለት ሳምንቱ ያገለገለች ትንሽ መኪናዋን እየነዳች ትመጣለች። ሃያ ሁለት ሰፈር አንድ ሕንፃ ላይ ያለች ካፌ ነበረችን፤ እሷ ማኪያቶ፣ እኔ ሻይ። ፀሐይና ነፋስ ፊቷን አጥቁሮታል፣ ድምጿም ከፍ ብሏል፤ ነፋስ ውስጥ መጮህ ለምዳ ካፌው ውስጥም ትጮኻለች፣ ሰው ዞሮ ያያታል። የጫማዋን አቧራ ሳይቀር አይ ነበር። የኔ ጫማ አንድ ዓመት ሙሉ አቧራ አይነካውም፤ ከሰርቪስ ወርጄ ምንጣፍ ላይ ነው የምሄደው። የምታወራውን ሁሉ በፈገግታ አዳምጣለሁ፤ ውስጤ ግን «ይኼ የኔ ነበር፣ ይኼም የኔ ነበር» እያለ ይቆጥራል። ሰው «ምቀኛ አታሳጣኝ» ብሎ ሲጸልይ ሰምቼ ይገርመኝ ነበር። እሷ መጸለይ አላስፈለጋትም፤ ምቀኛዋ ፊት ለፊቷ ተቀምጣ ሻይ ትጠጣ ነበር።

እኛ ቤት ስትመጣ ከመንገድ ሐብሐብ ገዝታ ነው የምትመጣው። እናቴ ሐብሐቡን ወደ ጎን አድርጋ ስለ ነፋሱ ትጠይቃታለች። የኔን ሥራ እንደዚያ ጠይቃኝ አታውቅም። ምክንያቷ ይገባኛል። አባቴ በመከር አውድማው ላይ መንሹን ይዞ ነፋስ ሲጠብቅ ይውል ነበር፤ ነፋሱ ካልመጣ እህሉ ከገለባው አይለይም፣ እናቴም ይዛለት የሄደችው ምሳ እዚያው ይቀዘቅዛል። አንድ ቀን ጓደኛዬን አገጯን ይዛ እንዲህ አለቻት፦

«ባለቤቴ ነፋስ ሲለምን ኖሮ ነው የሞተው። አንቺ ግን ሎሌ አደረግሽው።»

አጠገባቸው ተቀምጬ ሐብሐብ እቆርጥ ነበር። ያን ቀን ቢላዋው እጄን ያልቆረጠኝ በተአምር ነው።

አንድ ዓመት የገና በዓል ቅዳሜ ዋለ። ጓደኛዬ ለእንኳን አደረሰሽ ቤታችን መጣች፣ በላች፣ ጠጣች፤ ልትሄድ ስትነሳ የእናቴን እጅ ይዛ «እማማ፣ ነገ ተረኛ ነኝ። ከቅዳሴ በኋላ ሹፌር እልክልዎታለሁ፤ ይምጡና ሲዞር ይዩት» አለቻት።

«እኔን? እዚያ ድረስ?» አለች እናቴ። ጉንጯ ቀላ።

«እኔ ነገ ሺፍት ነኝ» አልኩ ቶሎ ብዬ። ማንም አልጠየቀኝም ነበር።

«አንቺማ በየቀኑ ስክሪን ላይ ታይው የለ?» አለችኝ እየሳቀች። ክፋት አልነበረበትም። ክፋት ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር።

እናቴ ያን ምሽት ነጠላዋን አጥባ በረንዳ ላይ አሰጣች። የተረፈውን ድፎ ዳቦ ለጣቢያው ልጆች ብላ በፎጣ ጠቀለለች። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሰርቪሴን ልጠብቅ ስወጣ ተነስታ ፀጉሯን ትቀባ ነበር። የኔን መሥሪያ ቤት ልታይ ፈልጋ አታውቅም። ብትፈልግም አያስገቧትም፤ ብትገባስ ምን ታያለች? ወንበርና ስልክ። ይህን ሁሉ አውቃለሁ፤ ማወቄ ግን ቅንጣት አልጠቀመኝም።

የበዓል ማግስት እሁድ ለኛ ክፍል የተለየ ቀን ነው። ዋዜማውን ምድጃ ሁሉ ስለሚነድ ኃይል ፍለጋ እንራወጣለን፤ በማግስቱ ግን ፋብሪካ ተዘግቷል፣ የሕንፃ ግንባታው ሁሉ ጭር ብሏል፣ ሰው ሥጋ በልቶ ተኝቷል። የፍላጎቱ መስመር ስክሪኑ ላይ ቁልቁል ይወርዳል። ያን ቀን ደግሞ ነፋሱ ብርቱ ነበር፤ የጓደኛዬ ጣቢያ ከጠዋት ጀምሮ በሙሉ አቅሙ ይሰጠን ነበር። አንድ ነገር መቀነስ ነበረበት። ምን እንደሚቀነስ ደግሞ የክፍሉ ሰው ሁሉ ያውቃል። በበጋ በቅድሚያ የሚቀነሰው ውኃው ነው፤ ዛሬ ያልተጠቀምንበት ውኃ ግድቡ ውስጥ ለነገ ይቆየናል። ያልተጠቀምንበት ነፋስ ግን አልፎ ሄደ ማለት ነው። የፈረቃ ኃላፊያችን፣ ጡረታ ሊወጡ የደረሱ ሰው፣ አዲስ ለሚመጣ ሁሉ የሚያስተምሩት የመጀመሪያ ነገር ይህ ነበር፤ «ውኃ ይጠብቅሻል፣ ነፋስ አይጠብቅሽም» ይሉናል።

አምስት ሰዓት ተኩል ላይ እሳቸው ለምሳ ወጡ። መስመሩ እየወረደ ነው። እጄን ወደ ስልኩ ሰደድኩ፣ የግድቡን ጣቢያ ልደውል። ይህን እምላለሁ፤ መጀመሪያ ልደውል ያሰብኩት ለግድቡ ነበር። ያኔ ሞባይሌ ጠረጴዛው ላይ ድምፅ አሰማ። ጓደኛዬ ፎቶ ልካልኛለች። እናቴ ተርባይኑ ሥር ቆማለች፣ እጇን ግንባሯ ላይ አድርጋ፣ ሽቅብ እያየች፣ አፏን ከፍታ ትስቃለች። የጎደሉት ጥርሶቿ ሁሉ ይታያሉ። እናቴ ሰው ፊት ስትስቅ አፏን በነጠላዋ ትሸፍናለች። እኔ ስመረቅ እንኳ ሸፍና ነው የሳቀችው።

የደወልኩት ለነፋስ ጣቢያው ነው።

ስልኩን ያነሳችው ራሷ ናት። በሥራ ስልክ ስንነጋገር ጓደኝነት የለም፤ ስም አንጠራራም፣ እንዴት አደርሽ አንባባልም። «ከቁጥጥር ነው» አልኩ። «ጣቢያውን ወደ ዜሮ አውርዱ።»

ከኋላዋ የእናቴ ድምፅ ይሰማኛል፣ ለአንዱ ቴክኒሺያን ዳቦ እየሰጠች «ብላ እንጂ፣ ብላ!» ትላለች።

«ወደ ዜሮ?» አለች ጓደኛዬ። መጠየቅ አልነበረባትም። ወዲያው ራሷን አረመች፤ «ጣቢያውን ወደ ዜሮ እናወርዳለን።»

«ልክ ነው» አልኩ፤ ሰዓቱን ጻፍኩ።

ስክሪኑ ላይ ቁጥሩ መውረድ ጀመረ። ግማሽ ሆነ፣ ሩብ ሆነ፣ ከዚያ ዜሮ። ደስ አለኝ። ምን እዋሻለሁ? እንደ ጥጋብ ያለ ደስታ ደረቴን ሞላው። ደግሞ ከመጠን አልፌ ስለቀነስኩ የጎደለውን ለመሙላት ለግድቡ ደውዬ ጨምሩ ማለት ግድ ሆነብኝ፤ ነፋሱን አስቁሜ ውኃ አፈሰስኩ። ኃላፊዬ ጥርሳቸውን በስንጥር እየጎረጎሩ ሲመለሱ ስክሪኑ ፊት ቆም አሉ።

«ነፋሱን ማን ነካው?»

«እኔ ነኝ። ፍላጎቱ በአንዴ ሲወርድ ደነገጥኩ።»

«አንቺ? ደነገጥሽ?» ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ። ሰባት ዓመት ሙሉ ስደነግጥ አይተውኝ አያውቁም። «በይ ቀስ እያልሽ መልሺው። ምክንያቱንም ጻፊ» ብለው ተቀመጡ። «ዝቅተኛ ፍላጎት» ብዬ ጻፍኩ፤ ቃሉ ውሸት አልነበረም። ጣቢያው እንደገና እስኪነሳ ግን ከሁለት ሰዓት በላይ ሄደ፣ ያኔ እናቴ የመልስ መንገድ ላይ ነበረች።

አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ቤት ስገባ ገና ጫማዋን እያወለቀች ደረስኩ። መንገዱን ሁሉ የምጠይቃትን አዘጋጅቼ ነበር። «እሺ፣ ሲዞር አየሽው?» አልኳት፣ ድምፄን አጣፍጬ። ይቺን ጥያቄ ሳስባት ዛሬም አፍራለሁ።

«ዞረ። ከዚያ ቆመ» አለች። ሶፋው ላይ ተቀመጠችና ዓይኗን ጣለችብኝ። «አንቺ ነሽ አሉ ያቆምሽው።»

ነገረቻት ማለት ነው፣ አልኩ በልቤ። እናቴ እንግዳ ሆና በሄደችበት ቤት፣ በገዛ ልጇ ክፋት፣ አፍራ ተመለሰች።

«ምን አለችሽ?»

«ስልኩን ዘግታ ወጣች። ፊቷ ልክ አልነበረም። "ምን ሆነ?" ስላት ወደ ላይ አየች። ክንፎቹ መቆም ጀመሩ፣ አንድ በአንድ። ነፋሱ ነጠላዬን ከላዬ ሊገፈኝ ይታገለኛል፣ እነሱ ግን ቀጥ! "ተበላሸ እንዴ?" አልኳት። "አልተበላሸም እማማ፤ ልጅዎ ናት ያቆመችው" አለችኝ። "እንዴት አድርጋ? አዲስ አበባ አይደለች እንዴ?" ብላት፣ "ከዚያው ሆና ነዋ። እኛ እዚህ ያለነው ሁላችን የሷን ቃል ነው የምንሰማው። ዙሩ ስትለን እንዞራለን፣ ቁሙ ስትለን እንቆማለን። ለምን ብለን እንኳ አንጠይቃትም" አለችኝ።» እናቴ እጆቿን ጭኗ ላይ አደረገች። ከዚያ ድምጿ ተሰበረ። «ያ ዋቅ፣ አምላኬ! ያ ሁሉ ብረት! እኔ ስልክ ማንሳት ብቻ መስሎኝ ነበር እኮ፣ ኢንተላ ኮ። ይቅር በይኝ።»

ይቅርታ የጠየቀችው እሷ ናት። አጠገቧ ተቀምጬ ራሴን ትከሻዋ ላይ ጣልኩ፤ እሷም ደስታ መስሏት ጀርባዬን መታ መታ አደረገችኝ።

ሳምንት ሳይሞላ ሰፈሩ ሁሉ ሰማ። ዕድር ላይ «ልጄ ነፋስ ታቆማለች» ብላለች፤ እንዴት እንደሆነ ሲጠይቋት በቃሏ እንደ ውዳሴ ማርያም ታደርሰዋለች። መብራት ሲጠፋ በራችንን የሚያንኳኩት ሰዎች አሁን «ይቅርታ እህቴ፣ እንዳናስቸግርሽ» ማለት ጀመሩ። የታችኛው ፎቅ ሴትዮ ከግንባታው የሚመጣውን አቧራ ላቆምላት እችል እንደሆነ ጠየቀችኝ። ስትቀልድ ነው ብዬ ሳቅኩ፤ እሷ አልሳቀችም። ሰባት ዓመት የተመኘሁት ክብር ሲመጣ እንደ ተሰረቀ ጫማ ጠበበኝ።

ጓደኛዬ ሁለት ሳምንት አልደወለችም። በሦስተኛው «ሃያ ሁለት እመጣለሁ» የሚል መልእክት ላከችልኝ። ቀድሜ ደርሼ የሁልጊዜውን ቦታ ያዝኩ። ማኪያቶዋ እስኪመጣ ስለ መንገዱ መጨናነቅ አወራች። ከዚያ «በበጋ ነፋስ ከውኃ በፊት የሚወርደው ከመቼ ወዲህ ነው?» አለችኝ። አልጮኸችም፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ስታወራ ሰማኋት።

ሰበብ አዘጋጅቼ ነበር፤ የመስመር መጨናነቅ፣ የፍሪኩዌንሲ ነገር፣ ሰው የማያጣራው። አንዱም አፌ ላይ አልመጣም።

«ቀንቼብሽ ነው» አልኳት።

ማንኪያዋን አስቀመጠች። «ይገባኛል።»

«ታዲያ ለእናቴ ለምን እንደዚያ አልሻት?»

«ምን ልበላት? "ልጅዎ በእርስዎ ፊት ልታዋርደኝ ብላ ነው" ልበላት? ዳቦ ይዛልኝ መጥታ?» ዓይኗ እንባ ሞላ፤ የንዴት እንባ ነበር። «አጠገቤ ቆማ ዓይን ዓይኔን ስታየኝ አፌ ላይ የመጣውን ተናገርኩ። ደግሞ ውሸት የለበትም። አንቺ ነሽ ያቆምሽው።» ቦርሳዋን አነሳች። «ግን ስሚኝ። ያን ቀን ልጆቹ በዓላቸውን ትተው የመጡት ለሥራ ነው። የሄደው ነፋስ ደግሞ አይመለስም። ሁለተኛ ብትደግሚው በጽሑፍ ነው የምከስሽ። ጓደኝነት ምናምን የለም።»

«እሺ» አልኩ።

«ሒሳቡን አንቺ ክፈይ» ብላ ወረደች። በመስኮቱ ወደ መኪናዋ ስትሄድ አየኋት፤ አቧራማ ጫማዋን፣ ቀጥ ያለ ጀርባዋን። እዚያው፣ ገና ውርደቴ ፊቴ ላይ ሳይደርቅ፣ ያን ቅጽበት በእናቴ ፊት ያን ቃል ባመጣላት ልቧ ቀናሁ። እኔ በሷ ቦታ ብሆን ምን እንደምል አውቃለሁና።

ታክሲ ውስጥ ለእናቴ የምነግራትን አሰናዳሁ። ዛሬውኑ ልነግራት ነው፤ ለምን እንዳቆምኩት፣ ጓደኛዬ ስሜን እንዳዳነችልኝ፣ ያ ሥልጣን እንደዚያ እንዲያገለግል እንዳልተሰጠኝ። ከመገናኛ እስከ ቤት አራት ጊዜ ደጋገምኩት። የመጨረሻውን በባጃጅ ስሄድ ጮክ ብዬ ሳልለው አልቀረሁም፤ ባለባጃጁ በመስታወቱ አየኝ።

እናቴ በር ላይ ተቀበለችኝ። ፊቷ ያበራል።

«እንኳን መጣሽ። ሁዳዴ ሳይገባ የዕድራችንን ሴቶች ይዤ ልሄድ ነው፤ ሚኒባስ ተነጋግረናል። ለጓደኛሽ አንቺ ንገሪያት። እዚያ የምንደርሰው ስድስት ሰዓት ግድም ነው፣ ያኔ አቁሚልን።»

«እማዬ፣ እንደዚያ አይደለም የሚቆመው…»

«ብዙ አይደለም እኮ። ሴቶቹ አይተው እስኪያምኑኝ ብቻ።»

«ሲዞር ይዩት እንጂ። ሲዞር ነው የሚያምረው» አልኳት።

«ሲዞርማ የሷ ነው» አለችኝ፤ ጉንጬን በመዳፏ ያዘች። «ያንቺ የሚሆነው ሲቆም ነው።»

ልነግራት የመጣሁትን ዋጥኩትና ስንት ሴቶች እንደሚሄዱ ጠየቅኳት።